ወደ ሞተር ፕሬስ ለምትሸጋገሩ አባላት

ውድ አባላት፣

በእጅ ፕሬስ (በጥይት መሙያ ማሽን) ጥይት ሲሞላ የኖረ ሰው ሞተር ሲገጥም መጀመሪያ የሚያጣው የእጁን ስሜት ነው። የፕራይመር (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ትንሽ ክፍል) ቀዳዳው ጠርዝ የተጨመቀ የሠራዊት ቀለህ ሲገባ እጅ ወዲያው ያውቀዋል። ሞተሩ ግን ዝም ብሎ ይገፋል፤ ፕራይመሩን ይጨፈልቀዋል፣ ሊያፈነዳውም ይችላል። ስለዚህ ቀለሁን አስቀድማችሁ ለዩ፤ ክላቹንም (ግፊቱ ሲበዛ ሞተሩን የሚያላቅቀውን ክፍል) ሥራውን ሊሠራ በሚችልበት ዝቅተኛ ኃይል ላይ አስተካክሉት።

ለጊዜው በሰዓት ከ600 ጥይት አትለፉ። የመጀመሪያዎቹን 10 የባሩድ ልኮች በሙሉ መዝኑ፣ ከዚያ በየ50ው አንድ። የባሩድ መጠን የሚቆጣጠር መሣሪያ ከሌለ ሞተሩ ባይገጠም ይሻላል።

አደጋው የሚበዛው ማሽኑ ሲሰናከል ነው። ቀለሆቹን ይዞ የሚዞረው ሳህን ግማሽ መንገድ ላይ ከቆመ የትኛው ቀለህ ባሩድ እንዳገኘ በግምት አትወስኑ፤ ሁሉንም አውጥታችሁ ባሩዱን ገልብጡ። ሁለቴ የተሞላው ሽጉጡን ወይም ጠመንጃውን ሊሰነጥቅ ይችላል። ባሩድ ያላገኘው ደግሞ አረሩን አፈሙዝ ውስጥ ያስቀራል፤ ቀጣዩ ተኩስ ሲደገም አፈሙዙ ሊፈነዳ ይችላል። ለ9 ሚሊሜትር ከአምራቹ ሠንጠረዥ ውስጥ ቀለሁን ከግማሽ በላይ የሚሞላውን ባሩድ ምረጡ፤ ሁለቴ ከገባ ሞልቶ ስለሚፈስ ይታወቃል።

የዓይን መከላከያ መነጽር አይለያችሁ። ጠረጴዛው ላይም ከአንድ ዓይነት በላይ ባሩድ አይቀመጥ።