የድጋፍ ጥሪ፦ የቀሩን አራት ትረሶች (ጣራ ተሸካሚ ብረቶች) ናቸው

በድሬም፣ በጅቡቲም፣ በዓረብ አገርም ላላችሁ የድሬ ልጆች፣

የምድር ባቡር ጡረተኞች ዕድር አዳራሽ ጣራ መውረዱን ሰምታችኋል። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። ደጋግሞ መጠየቅ እንደሚያሰለች እናውቃለን፤ ጠያቂውንም ያሰለቻል። ነገር ግን መጋቢት ላይ በልጉ ይገባል፣ ሽማግሌዎቻችን ልጆችን የሚያስተምሩባቸው ቶርኖዎችም (ብረት መቅረጫ ማሽኖች) እስካሁን ሸራ ለብሰው ነው ያሉት።

«ቶርኖ ከማደሳችሁ በፊት ጣራውን ለምን አላያችሁም?» ተብለናል። ከታች ሲያዩት ደህና ነበር፣ ጉዱን ኮርኒሱ ሸፍኖታል። የድሬዳዋ ዛፍ ቅጠል ደቃቅ ነው፤ አሸንዳው ውስጥ እንደ ገንፎ ረግቶ ውሃውን ወደ ኋላ መለሰው። ጣራውን የተሸከመው የባሕር ዛፍ እንጨት ጫፉ ራሰ፣ ምስጥም በዚያው ገባ። ኮርኒሱ ሲነሳ እንጨቱ በጣት ይፈረፈር ነበር። አሁን ኮርኒስ አይኖርም። አሸንዳውም ሰፍቶ ወንፊት ይለብሳል፣ ወንፊቱም በየወሩ ይጠረጋል።

የተሰበሰበው የት ገባ? አምስት የብረት ትረስ ተበይዶ ቆሟል። የበየዱት እዚሁ ሙያ የሚማሩት ልጆች ስለሆኑ የእጅ ዋጋ አልተከፈለም። የሁለት ቶርኖ ሞተር ዳግም ተጠቅልሎ ይሠራል። ደረሰኙ ሁሉ ፋይል ውስጥ ነው፣ መጥቶ ማገላበጥ ይቻላል።

የቀረው ለአራቱ ትረስ 16 ባለ 6 ሜትር ቱቦላሬ (የብረት ቱቦ)፣ 26 ሜትር አሸንዳ፣ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) እና 90 ባለ 28 ጌጅ (የውፍረት ቁጥር) ቆርቆሮ ነው። በ32 ጌጅ ወጪው ይቅለል የሚሉን አሉ። 32 ቀጭን ነው፤ ነፋስ ባንቀጠቀጠው ቁጥር የሚስማሩ ቀዳዳ እየሰፋ ይሄድና አንድ ቀን ይገነጠላል። ቆርቆሮ ሁለቴ የምንገዛበት አቅም የለንም።

ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ወደ ሐረር ተራራ ሳይወጣ ቀረ፤ ድሬ የበቀለችው በጣቢያውና በጥገና ቤቱ ዙሪያ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያ ከከተማው ውጭ ነው። ነፃ የንግድ ቀጠናውም በ2014 ዓ.ም. ተጀምሯል። ፋብሪካ በመጣ ቁጥር ብረት የሚቆርጥና የሚያቃና እጅ ይፈለጋል፤ ያን እጅ የሚያሠለጥኑት ሽማግሌዎች ደግሞ የሚያስተምሩት በዚህ ጣራ ሥር ነው። የድሮ ፋኖሶቹና መፍቻዎቹ የሚታዩበት መደርደሪያም እዚያው ነው።

በ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ ጊዜ ማን የማን ጎረቤት ነው ተብሎ አልተጠየቀም። ሰደቃ ያለው ሰደቃውን፣ ለቁልቢ ስለት ያለበትም ከስለቱ ተርፎ የሚሰጠውን ያስበን። ገንዘብ የሌለው አንድ ቆርቆሮ ያምጣ፣ ጉልበት ያለውም ቅዳሜ ጠዋት ይምጣ።

ገንዘብ የሚገባው በዕድሩ ስም በተከፈተው የባንክ ሂሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ አዳራሹ በር ላይና በደረሰኛችን ጀርባ አለ። ያለ ሦስት ፊርማ አይወጣም። ደግመን እንላለን፦ በዕድሩ ስም ብቻ። በግል ስልክ ደውሎ የሚጠይቃችሁ የኛ ሰው አይደለም። ያስገባችሁበትን ወረቀት አትጣሉ፣ ደረሰኝ የምንቆርጠው በሱ ነው።

የአዳራሹ እድሳት ኮሚቴ