ድምፄ ትንሽ ነው ላልሽው

ለገጣፎ

ይድረስ ለእህትዓለም፤ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ፤ ሲቆይ ደግሞ አፈርኩ። ለመጨረሻው ደብዳቤሽ ግን መልስ አለብኝ። «ድምፄ ትንሽ ነው፣ ጃዝ አይሆነኝም» ብለሽ ነበር። እስቲ ቢሊ ሆሊዴይን ስሚያት።

እ.ኤ.አ. በ1915 ፊላደልፊያ ተወልዳ በ44 ዓመቷ ያረፈችው ይህች ዘፋኝ የድምፅዋ ስፋት ከአንድ ኦክታቭ (ከአንድ ድምፅ እስከ ቀጣዩ ተመሳሳይ ድምፅ ካለው ርቀት) ብዙም አያልፍም። እንደምትወዳት የብሉዝ ዘፋኝ ቤሲ ስሚዝ አዳራሽ በጉልበት አትሞላም፤ ማይኩ ላይ ተጠግታ አንድ ሰው እንደምታዋራ ትዘፍናለች። ማይኩን ከከንፈርሽ ሦስት አራት ጣት አርቂው። ከዚያ ከቀረበ ወፍራሙ ድምፅ ያብጥና ቃሉ ይድበሰበሳል፤ «ፐ» እና «በ» ላይ ደግሞ ትንፋሽሽ ስለሚመታው ፊትሽን ትንሽ ዘወር አድርጊ።

ትልቁ ነገር ግን መዘግየቷ ነው። ከ1935 ጀምሮ ከፒያኒስቱ ቴዲ ዊልሰን ጋር የቀዳቻቸውን ስሚ። ሸክላው ሦስት ደቂቃ ገደማ ስለሚይዝ ብዙ ጊዜ የሚደርሳት አንድ ዙር፣ ዜማውን አንዴ ከዳር እስከ ዳር መዝፈን ብቻ ነው። ባንዱ አቦሉን ሲቀዳ እሷ ገና በር ላይ ናት፤ በረካው ሲደርስ ግን ከሁሉ ጋር ተቀምጣለች።

ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በደቂቃ 50 ምት ላይ አድርጊውና ምቱን ሁለተኛና አራተኛ ብለሽ ቁጠሪው፤ ዘፈኑ በ100 ይሄዳል። (በችክችካ ላደገ ጆሮ መጀመሪያ ያስቸግራል፤ አጨብጭቢ።) መጀመሪያ ዜማውን ልክ በምቱ ላይ ዝፈኚ። ቀጥሎ ግጥሙን እንደ ወሬ አውሪው። ከዚያ እያንዳንዱን መስመር ግማሽ ምት አዘግይተሽ ጀምሪና ስምንተኛው ባር (አራት ምት አንድ ባር ነው) ላይ ከባንዱ ጋር ጨርሺ። የሚበላሸው እዚህ ነው፦ ሁሉንም ቃል ከጎተትሽ መዘግየቱ ተጠራቅሞ አንድ ባር ሙሉ ወደ ኋላ ያስቀርሻል። መጀመሪያ ላይ የተበደርሽውን መጨረሻዎቹን ቃላት በማሳጠር ክፈዪ። ቤዝ ተጫዋቹንም «አትጠብቀኝ» በዪው፤ ከጠበቀሽ ዘፈኑ ይሞታል። ማስረቅረቁንም ለትዝታ አቆዪው፣ እዚህ ቃሉን ይበላዋል።

በ1939 ካፌ ሶሳይቲ በተባለው የኒውዮርክ ክለብ፣ በነጮች መንጋ ተሰቅለው ስለተገደሉ ጥቁሮች የሚናገረውን «ስትሬንጅ ፍሩት» ስትዘፍን አስተናጋጆቹ ሥራ ያቆማሉ፣ መብራቱ ጠፍቶ ፊቷ ላይ ብቻ ይቀራል፤ ከጨረሰች በኋላም ተመልሳ አትወጣም። ትንሽ ድምፅ ጸጥታ ይፈልጋላ! የሸክላ ኩባንያዋ ኮሎምቢያ አልቀዳም ስላላት ኮሞዶር የተባለው ትንሽ ኩባንያ ቀዳላት።

በ1947 በአደንዛዥ ዕፅ ታሰረች፤ የሥራ ፈቃዷን ስለተነጠቀች መጠጥ በሚሸጥባቸው የኒውዮርክ ክለቦች መዝፈን ቀረባት። በ1958 የቀዳችውን «ሌዲ ኢን ሳቲን» የተባለ አልበም ከሁሉም በኋላ ስሚው። ድምፁ ሻክሯል፣ ተሰነጣጥቋል፤ አዘገያየቷ ግን ያው ነው።

እዚህ መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም፣ የስልኬም ባትሪ እያለቀ ነው። ዘፈኖቹን መብራት ሲመጣ እልክልሻለሁ። አንዱን ዙር ቀድተሽ ላኪልኝ፣ ያለ ባንድ፣ በሜትሮኖም ብቻ። ለእማማ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።