እማዬ፣ ስለታሸገው ምግብ ነገር

እማዬ እንዴት ነሽ፣ ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። በስልክ ስለምግብ ባነሳሁ ቁጥር "እሺ እሺ" እያልሽ ወሬ ስለምትቀይሪብኝ በጽሁፍ ይሻላል ብዬ ነው፣ መነጽርሽን አድርጊና ቀስ እያልሽ አንብቢው፣ ከሰለቸሽ ነገ ትጨርሺዋለሽ።

"በፋብሪካ የታሸገ፣ ቀኑ የተጻፈበት፣ የሰው እጅ ያልነካው ነገር ምን ያደርጋል" ያልሺኝ፣ በንጽህናው በኩል ልክ ነሽ፣ እኔም ቆሽሿል አልወጣኝም። እኔን የሚያሳስበኝ ጠዋት ብስኩት በሻይ፣ ቀን ኑድል፣ ማታ የፓኬት ሾርባ ከሆነ እንቁላሉ መቼ ተበላ፣ ምስሩ ጎመኑ መቼ ተበላ የሚለው ነው። በአንድ ቀን የምትበይው እኮ ልክ አለው፣ በተለይ አሁን የምግብ ፍላጎትሽ ቀንሷል፣ ያችኑ ትንሽ ቦታ ብስኩት ከያዘው ሌላው አይገባም በቃ። እነዚህ ነገሮች ደሞ በብዛት ስኳር፣ ጨው ወይ ስብ የበዛባቸው ፋይበርና ፕሮቲን ያነሳቸው ናቸው፣ ጠግበሽ እያደርሽ ሰውነትሽ የጎደለበት ነገር ሊኖር ይችላል።

የታሸገ ሁሉ አንድ ነው እያልኩሽም አይደለም። የብራዚሉ ካርሎስ ሞንቴሮ፣ የሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነው፣ ምግብን በ4 የሚከፍል ኖቫ የሚባል አመዳደብ አመጣ። አንደኛው እንዳለ ወይ ብዙ ሳይነካካ የሚበላው ነው፣ እህል ጥራጥሬ እንቁላል ወተት። ሁለተኛው ማብሰያው፣ ዘይት ጨው ስኳር። ሶስተኛው ከነዚህ የተሰራ፣ ተራ ዳቦ፣ አይብ፣ የቆርቆሮ ባቄላ ምናምን፣ እነሱ ላይ ጠብ የለኝም። አራተኛው ነው አልትራ ፕሮሰስድ የሚሉት፣ ማለትም ማንም ሰው ኩሽና ውስጥ የማይገኝ ነገር የገባበት። ያን የምትወጂውን የዶሮ ሾርባ ፓኬት ገልብጠሽ ጀርባውን እይው እስቲ። የተጻፈው ከብዙ ወደ ትንሽ ነው፣ ከሁሉም የበዛው መጀመሪያ ይመጣል። ስታርች፣ ጨው፣ የፓልም ዘይት፣ ስኳር፣ ማልቶዴክስትሪን፣ ጣዕም ማጉያ፣ ፍሌቨር... ዶሮዋን ፈልጊያት፣ ከጨው ብዙ ወርዳ ታገኛታለሽ። ስዕሉ ላይ ግን ሙሉ ጭኗ አለ!

እዛው ላይ ሶዲየም የሚል አለ፣ ለደም ግፊትሽ እሱን ነው የምታይው። የአለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ2000 ሚሊግራም በታች ይላል፣ ይሄ ወደ 5 ግራም ጨው ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ። ሶዲየሙን በ2.5 ስታባዢው ጨው ይሆናል፣ 800 ካለ 2 ግራም ጨው ማለት ነው። ተንኮሏ ደሞ ቁጥሩ "ለአንድ ሰው" ተብሎ ለግማሽ ፓኬት ሊሆን ይችላል፣ አንቺ ሙሉውን ጠጥተሽ ግማሹን ትቆጥሪያለሽ።

"ስኳሩንና ጨውን ካየሁ ይበቃኛል" እንዳትይኝ ደሞ አንድ ጥናት ልንገርሽ። አሜሪካ በመንግስት የጤና ምርምር ተቋም ኬቪን ሆል የሚባል ተመራማሪ 20 ሰው እዛው አስተኝቶ፣ 2 ሳምንት አልትራ ፕሮሰስድ፣ 2 ሳምንት ብዙ ያልተነካካ ምግብ አቀረበላቸው፣ በፈረንጆቹ 2019 ላይ ነው የወጣው። የቀረበው ካሎሪ፣ ስኳሩ፣ ስቡ፣ ጨውና ፋይበሩ ተመጣጣኝ ነበር፣ የፈለጋችሁትን ያህል ብሉ ተባሉ። በአልትራ ፕሮሰስዱ ጊዜ በቀን ወደ 500 ካሎሪ ጨምረው በሉ፣ ክብደታቸው በአማካይ 0.9 ኪሎ ጨመረ፣ በሌላኛው ያንኑ ያህል ቀነሰ። ሲበሉም በፍጥነት ነበር። ለስላሳ ነው፣ ብዙ አይታኘክም፣ ሆድ በቃኝ ሳይል ሰሀኑ ያልቃል። እኔ ሁሉንም ጥናት እንዲህ አላምንም፣ ብዙዎቹ ሰው ምን እንደበላ ጠይቀው ለአመታት የሚከታተሉ ናቸው፣ አብዝተው የሚበሉት ላይ የልብና የስኳር በሽታ በዝቶ ቢያዩም ምክንያቱ ምግቡ ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል፣ ይሄኛው ግን ፊት ለፊት የተለካ ስለሆነ ከበድ ይላል።

ሁሉንም አቁሚ አልልሽም፣ ብልሽም አትሰሚኝ። እኔ ብሆን ከለስላሳና ከሶሴጅ ነው የምጀምረው፣ በብዙ ጥናት ከጉዳት ጋር ጎልተው የሚታዩት ጣፋጭ መጠጥና የተቀነባበረ ስጋ ናቸው፣ የተቀነባበረ ስጋን ደሞ የአለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል 2015 ላይ ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ከዛ ቁርሱን፣ ብስኩቱ ቀርቶ እንቁላል ወይ እርጎ ይሁን። በዚህ እድሜ ጡንቻ ቶሎ ይሳሳል፣ ለዛ ነው ለአዛውንት በኪሎ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን በቀን የሚመክሩት፣ 60 ኪሎ ለሆነ ሰው ከ60 እስከ 72 ግራም ማለት ነው፣ በብስኩት የማይታሰብ ነገር! ኩላሊት ላይ ችግር ላለበት ግን ልኩ ይለያል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ሀኪምሽን ጠይቂ። ሾርባውን ደሞ ምስርና ካሮት በአንድ ድስት ቀቅለሽ በየኩባያው ፍሪዘር ብትከቺ ማታ ማሞቅ ብቻ ነው፣ ከፓኬቱ ብዙም አይዘገይም።

ብቻ እማዬ፣ እኔ እንደምጠረጥረው ዋናው ነገር ጥርስሽ ነው። ብስኩቱን ሻይ ውስጥ ነክረሽ በአንድ ጎን ብቻ ስታኝኪ አይቼሻለሁ፣ ለብቻ ማብሰል ይሰለቸኛል የምትይው እውነት ቢሆንም ስጋና አትክልት የተውሽው አርቴፊሻሉ ጥርስ ድድሽን መውጋት ከጀመረ ወዲህ ነው። ይስተካከላል እኮ፣ ሞርደው ልክ ያደርጉታል ወይ አዲስ ይሰሩልሻል፣ እንደዚህ ችለሽ የምትኖሪበት ምክንያት የለም። ቀጠሮውን እኔ ልያዝልሽ፣ ቅዳሜ ጠዋት ይሻልሻል ወይስ በስራ ቀን? መጻፍ ከከበደሽ በድምጽ ላኪልኝ፣ የመድሀኒቶችሽንም ስም አብረሽ ንገሪኝ፣ እዛ ይጠይቁናል።