ቅዳሜ ስለምናየው የሩማንያ ፊልም

ውድ የፊልም ክበባችን አባላት፣

በዚህ ቅዳሜ አብረን የምናየው የሩማንያዊውን ዳይሬክተር የክርስቲያን ሙንጂዩን «4 ወር፣ 3 ሳምንትና 2 ቀን» ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በፈረንሳይ በሚካሄደው የካን ፊልም ፌስቲቫል ፓልም ዶር የተባለውን ከፍተኛ ሽልማት ሲወስድ ለሩማንያ ሲኒማ የመጀመሪያው ነበር። በሩ ግን በአንድ ምሽት አልተከፈተም፤ ሌሎቹ ሩማንያውያን ዳይሬክተሮች፣ ክሪስቲ ፑዩ በ2005፣ ኮርኔሊዩ ፖሩምቦዩ ደግሞ በ2006 እዚያው ካን ላይ ተሸልመዋል።

እኔን ይበልጥ የሚነካኝ ከሽልማቱ በኋላ የሆነው ነው። ዓለም ያጨበጨበለት ፊልም በገዛ አገሩ የሚታይበት አዳራሽ አጣ፤ በብዙ የሩማንያ ከተሞች ሲኒማ ቤቶች ተዘግተው ነበርና። ሙንጂዩ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ማሳያ መሣሪያውን በመኪና አስጭኖ ፊልሙን ከከተማ ወደ ከተማ አዞረው። በውጭ የተገኘው ክብር ፊልሙን ለባለቤቶቹ መልሶ አደረሰው ብዬ አምናለሁ።

ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1987፣ በሩማንያው ኮሚኒስት መሪ በቻውሼስኩ አገዛዝ ማብቂያ አካባቢ የሚሆን ነው። ፅንስ ማስወረድ ከ1966 ጀምሮ በሕግ ተከልክሎ ነበር፤ ሁለት ተማሪዎች በአንድ ቀን ውስጥ የሚደርስባቸውን እንከተላለን። ከባድ ፊልም ስለሆነ ልጆች ይዛችሁ እንዳትመጡ አደራ። በእራት ገበታ ዙሪያ ካሜራው ሳይነቃነቅ ለረጅም ደቂቃዎች የሚቆይበት ትዕይንት አለ። እባካችሁ፣ ያን ጊዜ ስልካችሁን አትንኩ፤ የልጅቷን ፊት ብቻ ተመልከቱ።

በ11 ሰዓት እንጀምራለን። ከፊልሙ በኋላ ሻይ እየጠጣን እንወያያለን።