አባዬ፣ ስለ ማሙሽ ስም የጠየቁኝን

አባዬ እንዴት ሰነበቱ፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፣ ብርዱ ግን ገና አልለቀቀንም። ማሙሽ የፊት ጥርሱ ወለቀ፣ ጣሪያ ላይ ይወረውራል ብዬ እንዳልሰጠው የምንኖረው ፎቅ ላይ ነው፣ በወረቀት ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ። ብስክሌትም ለምዷል።

ወንድሜ ሀኪሙ ስለ ልብዎ ያለውን ነገረኝ፣ ሁሉንም ባይነግረኝም ከድምፁ ገብቶኛል። የግፊቱን መድሃኒት ሲሻልዎት እያቆሙ ሲያምዎት እየጀመሩ ነው አሉ፣ እባክዎ አባዬ እንደዛ አይወሰድም፣ በየቀኑ ነው። ይሄን ደብዳቤ ወንድሜ አያንብብልዎት፣ መነፅርዎን አድርገው ራስዎ ያንብቡት።

ባለፈው ስልክ ላይ "ይሄ ደ ፍሪስ የምትሉት ምንድነው፣ የኔ ስም የት ገባ" አሉኝ። ኔትወርክ ተቋረጠ ብዬ ዘጋሁት፣ አልተቋረጠም ነበር። ከዛ ጀምሮ ስለዚህ ስም ያላነበብኩት የለም።

የማሙሽ አባት የቤተሰብ ስም፣ ደ ፍሪስ ማለት ፍሪሱ፣ የፍሪስላንዱ ሰውዬ ማለት ነው። ፍሪስላንድ ሆላንድ ውስጥ ሰሜን በኩል ባህር ዳር ያለ ክፍለ ሀገር ነው፣ የራሱ ቋንቋ አለው። እና ሳስበው እዛው ፍሪስላንድ ተቀምጦ ማን ማንን ፍሪሱ ይለዋል፣ ሁሉም ፍሪስ ነው እኮ፣ እንዲህ አይነት ስም የሚወጣው ሰው ከሀገሩ ሲወጣ ነው፣ አምስተርዳም ሲገባ። እኔም ደጀን እያለሁ ማንም ጎጃሜ ብሎኝ አያውቅም፣ አዲስ አበባ ስገባ ነው ልጆቹ ጎጃሜዋ ያሉኝ። በኋላ እዛው ፍሪስላንድም ብዙ ሰው ወስዶታል፣ አይሁዶችም ይዘውታል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2007 ሆላንድ ውስጥ ሲቆጠር ከ70,000 ሰው በላይ ይሄ ስም ነበረው፣ ከደ ዮንግና ከያንሰን ቀጥሎ ሶስተኛ ነው፣ ስለዚህ ደ ፍሪስ የተባለ ሁሉ ዘመድ አይደለም።

ግን አባዬ እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር እስከ 1811 ድረስ ፍሪስላንድ ውስጥ ብዙው ሰው እንደኛው ነበር የሚጠራው! ያን የሚባል ሰውዬ ልጁን ፒተር ካለው ፒተር ያንስ ነው፣ የያን ልጅ ፒተር ማለት፣ የፒተር ልጅ ደግሞ በፒተር ይጠራል። ከዛ ናፖሊዮን ሀገሩን ከፈረንሳይ ጋር ቀላቀለውና በ1811 ኦገስት ላይ ሁሉም ሰው ከልጅ ልጅ የማይቀየር ስም ይዞ ይመዝገብ የሚል አዋጅ ወጣ። የፍሪስላንድ መዝገብ እስካሁን አለ፣ ሌዋርደን ከተማ ነው የሚቀመጠው፣ ኮምፒውተር ላይም ይታያል፣ ባለቤቴ አሳየኝ። አባትየው ቀርቦ የያዘውን ስም ይናገራል፣ ከስር ልጆቹ ከነእድሜያቸውና ከነሚኖሩበት ይዘረዘራሉ፣ ካሉት የልጅ ልጆቹም። ልጆቹ ትልልቅ ቢሆኑም አባት ወይ አያት በህይወት ካለ ስሙን የሚይዝላቸው እሱ ነው። መፃፍ የማይችለው "አልችልም ብሏል" ተብሎ ተፅፎለታል። እሱን እያየሁ እንባዬ መጣ፣ ባለቤቴ ምን ሆንሽ አለኝ፣ ምንም አልኩት።

የኔ ስም የት ገባ ሲሉኝ እኮ አባዬ ስምዎ እኔም ጋ የለም። ፓስፖርቴ ላይ ያለው አዲስ አበባ ያሳደገኝ የጋሼ ስም ነው፣ እዚህ ደግሞ የቤተሰብ ስሟ ነው ብለው መዘገቡት፣ ሀኪም ቤት በሱ ነው የምጠራው፣ ፖስታ በሱ ነው የሚመጣልኝ። ጋሼ ትምህርት ቤት ሲያስገባኝ በራሱ ስም አስመዘገበኝ፣ ይቀላል ብሎ ነው፣ ብዙ ልጅ እንደዛ ነው ያደገው፣ ይሄን አውቃለሁ። ግን ሶስተኛ ክፍል ሆኜ ለፋሲካ ማር ይዘው የመጡ ጊዜ ትዝ ይልዎታል? ትምህርት ቤቱ በር ላይ በስምዎ ጠርተው ጠየቁ፣ እንደዚህ የምትባል ተማሪ የለችም አሏቸው ብሎ ጋሼ እራት ላይ እየሳቀ ነገረኝ። ማሩ ጠረጴዛ ላይ ነበር፣ እርስዎ ግን ሄደዋል፣ አውቶቡስ ያመልጠኛል ብለው። ለምን አልጠበቁኝም? ለምን ይቺ ልጄ ናት ስሟን አስተካክሉ አላሉም? በዛው አመት ክረምት ደጀን ስመጣ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ዝም አሉ። ይሄው ጋሼን አንተ እላለሁ፣ እርስዎን አንቱ። ባይልኩኝ ኖሮ አልማርም ነበር፣ አመሰግናለሁ፣ ከልቤ ነው። ያም ሆኖ ያ ማር እስካሁን ይመረኛል።

ስሙ አሜሪካም ደርሷል፣ እዛ ብዙዎች አያይዘው ደቭሪስ ብለው ይፅፉታል። በ1982 ዩታ ውስጥ ቋሚ እንዲሆን ተብሎ የተሰራውን የመጀመሪያውን ሰው ሰራሽ ልብ ለበሽተኛ የገጠመው ሀኪም ዊሊያም ደቭሪስ ነው፣ አባቱ ከሆላንድ የሄደ ነበር። በሽተኛው 112 ቀን ኖረ። ይሄን ለምን እንደፃፍኩት አላውቅም። ጨውም ይቀንሱ አባዬ።

አንድ ነገር ልለምንዎት ነው። ወንድሜ ይወስድዎታል፣ ታክሲውን እኔ እከፍላለሁ፣ ወሳኝ ኩነት ሄደው ልጄ ናት ብለው ያስመዝግቡኝ፣ ወረቀቱ ከመጣልኝ የቀረውን እዚህ ጠበቃ ይዤ እጨርሳለሁ። ለምን አሁን ብለው ግን እንዳይጠይቁኝ።

ማሙሽ ደግሞ፣ እዚህ ለልጅ ሁለትም ሶስትም ስም መስጠት ይቻላል፣ ሁለተኛው ስሙ የእርስዎ ስም ነው። ሲወለድ ነው ያስመዘገብኩት። ሰባት አመት ሙሉ ያልነገርኩዎት እልህ ይዞኝ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ። ባለፈው ሳምንት ስሙን ሙሉውን ፃፍ ብዬው በአማርኛ ፃፈው፣ የእርስዎ ላይ አንድ ፊደል ገልብጧል። ፎቶውን በቴሌግራም ለወንድሜ ልኬዋለሁ፣ አሳየኝ ይበሉት።

እሁድ ከቅዳሴ ሲመለሱ እደውላለሁ፣ ስልኩን ቻርጅ አድርገው ይጠብቁኝ።

ልጅዎ