ማን አስገደደኝ?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

አሜሪካ ውስጥ የሬዚደንሲ፣ ማለትም ከሕክምና ትምህርት በኋላ ሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ ስፔሻሊስት የሚሆኑበት ሥልጠና፣ ቦታ ስላገኙ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ሰሞኑን ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። ጋዋን የለበሱት ልጆች ፎቶ ያምራል። እንኳን ደስ አላችሁ እላቸዋለሁ፤ ከልቤ ነው። መሀል ላይ ስደርስ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አናቴን አዞረው። የቀሩት ሐኪሞች ትልልቆቹ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ስላልተቀበሏቸው በየአካባቢው ባሉ አነስተኛ ሆስፒታሎች ለመለማመድ ተገደዋል ብላችኋል።

ከቀሩት አንዷ እኔ ነኝ። ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የማኅበረሰብ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ሬዚደንት ነኝ። ማን እንዳስገደደኝ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

አመዳደቡ እንዲህ ነው። ሐኪሙ ኢንተርቪው ካደረጉት ሆስፒታሎች የሚፈልጋቸውን በቅደም ተከተል ይጽፋል። ሆስፒታሎቹም ሐኪሞቹን በቅደም ተከተል ይጽፋሉ። ከዚያ ኮምፒውተር ያገናኛቸዋል፣ ውጤቱም መጋቢት ላይ ይነገራል። ቀመሩን ያሻሻለው አልቪን ሮዝ በዚሁ ዘርፍ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2012 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማትን ተጋርቷል። በዚህ ዙር ያልጻፍከው ቦታ አይደርስህም። እኔ ያለሁበትን ሆስፒታል አንደኛ አድርጌ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ዘጋቢያችሁ አንድ ሬዚደንት ቢጠይቅ ይህን በሁለት ደቂቃ ይሰማ ነበር።

መለማመድ የሚለውም አለ። የዩኒቨርሲቲውንም የእኛንም ፕሮግራም የሚቆጣጠረው አንድ አካል ነው። የውስጥ ደዌ ሥልጠና እዚያም 3 ዓመት ነው፣ እዚህም 3 ዓመት ነው። የሥራ ጣሪያው በ4 ሳምንት አማካይ በሳምንት 80 ሰዓት ነው። አንድ ዱቲ እስከ 24 ሰዓት ይሄዳል፤ በሽተኛ ለማስረከብ ደግሞ እስከ 4 ሰዓት ይጨመርበታል። ስንጨርስ የምንቀመጠው ለአንድ የቦርድ ፈተና ነው። ከአነስተኛ ሆስፒታል ለመጣ ማስተዛዘኛ ነጥብ የለውም።

ልዩነት የለም አልልም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምርምር ዕድሉ ሰፊ ነው። የልብ (ካርዲዮሎጂ) ወይም የጨጓራና አንጀት (ጋስትሮ) ፌሎውሺፕ፣ ማለትም ከሬዚደንሲ በኋላ ያለውን ተጨማሪ ሥልጠና፣ ለሚያልም ሰው የሆስፒታሉ ስም በር ይከፍታል፣ እኛ ጋ መንገዱ ይረዝማል። ይህን ብትጽፉ አልቃወምም ነበር። በሌላ በኩል እኛ ጋ ያንን ሥልጠና የሚወስድ ሐኪም፣ ፌሎው፣ የለም። ሌሊት ከሆድ ውኃ መቅዳት ቢያስፈልግ፣ ትልቁ የደም ሥር ላይ መስመር ማስገባት ቢያስፈልግ፣ በዓመት የምትበልጠኝ ሬዚደንት (ሲኒየሬ) አጠገቤ ቆማ እጄን የማስገባው እኔ ነኝ። ከኋላ ቆሜ የሌላ ሰው እጅ አላይም። አንደኛ የጻፍኩትም ለዚህ ነው።

አንድ ሌላ ምክንያትም አለኝ። በሁዳዴ አንድ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ተጠራሁ። ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከአገር ቤት የመጡ እናት ናቸው፣ ኢንሹራንስ የላቸውም። ምላሳቸው ተሳስሮ ልጆቹ ስትሮክ ነው ብለው ነው ያመጧቸው። ስኳራቸው በጣም ወርዶ 41 ነበር። ግሉኮስ ሲሰጣቸው ነቁ፤ የድንገተኛው ሐኪምም ሊያሰናብታቸው ነበር። ስልኩ ላይ አስተርጓሚ እስኪገኝ ሙዚቃ ይዘፍናል። እኔ ገብቼ «እማማ፣ ምን መድኃኒት ነው የሚወስዱት?» አልኳቸው። የነጠላቸውን ጫፍ ፈተው አንድ ቅጠል ኪኒን አወጡ። ግሊበንክላማይድ፣ ስኳር የሚያወርድ ኪኒን! አገር ቤት ስንቴ የጻፍኩት መድኃኒት ነው። ጾሙን እስከ 9 ሰዓት እየጾሙ ጠዋት ጠዋት ይውጡታል። ይህ ኪኒን እስከ 24 ሰዓት ይሠራል፣ ኩላሊት ከደከመ ከዚያም በላይ። ስለዚህ አንዴ ግሉኮስ ሰጥቶ መሸኘት አይቻልም፤ ስኳሩ ቤት ሲደርሱ ተመልሶ ይወርዳል። አስተኛናቸው። እንዲህ ያሉ እናቶች የሚመጡት ለቤታቸው ወደሚቀርበው ሆስፒታል ነው። ዘገባችሁ ውስጥ እነሱም የሉም።

ለማንኛውም ጽሑፋችሁ ደብረ ብርሃን ደርሷል። የእናቴ ጎረቤት «አይዞሽ፣ በሚቀጥለው ዓመት ትልቁን ይሰጣታል» ብለው አጽናንተዋታል። እናቴም ደውላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ለመሆኑ ሆስፒታሉ አልጋ አለው?» አለችኝ። አለው እማዬ። ሄሊኮፕተር ማረፊያም አለው። ያጎቴ ልጅ ደግሞ ዘገባችሁ ውስጥ «ረብጣ ዶላር» የምትለዋን ይዞ ብድር ጠይቆኛል። የመጀመሪያ ዓመት ሬዚደንት ደመወዝ በአብዛኛው ከ60 እስከ 70 ሺህ ዶላር ነው፣ ያውም ግብር ሳይቆረጥ። 65 ሺውን ለ52 ሳምንት፣ ሳምንቱን ደግሞ ለ80 ሰዓት አካፍሉት፤ በሰዓት 15 ዶላር ከምናምን ሳንቲም ይመጣል። የሜሪላንድ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 15 ዶላር ነው። ረብጣውን ካገኛችሁት ላኩልኝ።

የሚያስቆጨኝ ደግሞ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ መዘለሉ ነው። ለሥልጠና በሚሰጠው በጄ-ዋን ቪዛ የሚመጣ ሐኪም ከአገሩ ጤና ሚኒስቴር የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልገዋል። ደብዳቤው አገሪቱ ሙያውን እንደምትፈልገው ይገልጻል። ሲጨርስ 2 ዓመት አገሩ ይመለሳል፤ አለዚያ ሐኪም ባነሰበት የአሜሪካ አካባቢ 3 ዓመት ይሠራል። የዚህ የሁለተኛው ምርጫ ዋናው መንገድ በየክፍለ ግዛቱ በዓመት 30 ቦታ ብቻ አለው። ስንቱ ተመለሰ? የተመለሰውስ ምን ሥራ ጠበቀው? ሚኒስቴሩ ደጃፍ ላይ ቆማችሁ ይህን ጠይቁ። የሆስፒታል ስም ከመደርደር ይሻል ነበር።

ማስተካከያ የምታወጡ ከሆነ እባካችሁ እዚያው ዘገባው ሥር አድርጉት። ለብቻው ካወጣችሁት ጎረቤታችን አያዩትም፤ እኔም በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ልጽናና ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የውስጥ ደዌ ሬዚደንት፣ ሜሪላንድ
(ስሜ እንዳይወጣ፤ ነገ ዱቲ አለብኝ)