ሙሽሮቹን ወደ ዝናብ አትላኳቸው

ይድረስ ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፦

ሰሞኑን ስለ ጫጉላ ሽርሽር ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ከፋሲካ በኋላ ለሚሞሸሩ ጥንዶች የታንዛኒያዋን ደሴት ዛንዚባርን በአንደኛነት አስቀምጣችኋል። ምክንያታችሁ «ጊዜው በጋ ነው» የሚል ነው። በጋ የሆነውማ እኛ ጋ ነው። እዚያ ሰማዩ የሚቀደደው ልክ በዚያን ሰሞን ነው። በሰሚ ሰሚ አይደለም የምናገረው፤ ደርሶብኛል።

ባሕር ዳር የምኖር የጀልባ ሹፌር ነኝ። ጣና ላይ 26 ዓመት ሰው አመላልሻለሁ። ዘጌ፣ ክብራን ገብርኤል፣ እንጦስ፣ ደቅ ደሴት ድረስ። እንግዳ ደውሎ «መቼ ልምጣ?» ሲለኝ መልሱ አፌ ላይ ነው። «መስከረም ና፤ ጢስ ዓባይ ሞልቶ፣ አደዩ ፈክቶ ታያለህ። ጀልባ ላይ ግን በጠዋት ውጣ፤ ከሰዓት ነፋስ ይነሳል።» በዚህ ሰው አሳስቼ አላውቅም። የሰው አገር ሰማይ ላይ ግን እንደ ሕፃን ተሸወድኩ።

እኔና ባለቤቴ የተጋባነው በ1992 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ነው። በ2017 ሚያዝያ መጨረሻ 25 ዓመት ሞላን። አዲስ አበባ የሚሠሩት ልጆቻችን ገንዘብ አዋጡና «ባሕር አይታችሁ ኑ» አሉን። እኔ እንኳ ባሕር አለኝ ብዬ ነበር፤ ሳቁብኝ። ጉዞውን ያመቻቸላቸው ቢሮ «ሚያዝያ አሪፍ ነው፣ የሆቴል ዋጋም በጣም ይወርዳል» ብሏቸዋል። ለምን እንደሚወርድ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅኩም። ጃንጥላ ሳልይዝ ሄድኩ።

ሰባት ቀን ቆየን፤ አምስቱን ቀን ዘነበ። የእኛ ክረምት ቢያንስ ብርድ አለው፤ ጋቢ ደርበህ ቡና ታስፈላለህ። የእነሱ ዝናብ ሞቅ ያለ ነው፤ ያልባል። ልብስ አይደርቅም። ባለቤቴ ያጠበችው ነጠላ ሦስት ቀን ተሰቅሎ እርጥቡን ነው ሻንጣ ውስጥ የገባው። ከጎናችን የነበረው ሆቴል በሩን ዘግቶ «በሰኔ እንመለሳለን» የሚል ወረቀት ለጥፏል። ስቶን ታውን የሚሏት አሮጌዋ ከተማ ውስጥ፣ በዚያ በጠባቡ መንገድ፣ ጫማችንን በእጃችን ይዘን ነው የሄድነው።

በአራተኛው ቀን አንድ የእነሱ ጀልባ ነጂ ዝናብ ተጠልሎ አገኘሁት። ሥራ ፈትቷል። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ተግባባን፤ የጀልባ ሰው ከጀልባ ሰው ጋር ብዙ ቃል አያስፈልገውም። የዝናቡ ስም ማሲካ ነው አለኝ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት መጨረሻ ድረስ ይቆያል። የከፋው ሚያዝያ ነው። በኋላ ልጄ ፈልጎ እንደነገረኝ በፈረንጆቹ ኤፕሪል ብቻ ከ300 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። ይህ ለእኛ የሐምሌ ዝናብ ነው።

ምክንያቱም ሲገባኝ በራሴ ተናደድኩ። ዛንዚባር ከምድር ወገብ በታች 6 ዲግሪ ላይ ናት። ዝናብ ፀሐይን ተከትሎ ነው የሚሄደው። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትመጣ ዝናቡ በመጋቢትና በሚያዝያ በእነሱ ደጅ ያልፋል፤ ሐምሌ ላይ እኛ ጋ ይደርሳል። ሲመለስ ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ መጀመሪያ እንደገና ይጎበኛቸዋል። ይቺኛዋ አጭር ናት፤ ቩሊ ይሏታል። እኛ ጋ ዶፍ ሲወርድ እነሱ ፀሐይ ላይ ናቸው ማለት ነው።

ሰውየው ስለ ነፋሱም ነገረኝ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ካስካዚ ነው። ከግንቦት ጀምሮ ከደቡብ የሚመጣው ኩሲ ነው። ድሮ የዐረብ ነጋዴዎች በካስካዚ ሸራቸውን ነፍተው ይመጡና ኩሲ እስኪነሳ ጠብቀው ይመለሱ ነበር። ወራት ተቀምጦ ነፋስ መጠበቅ! እኔ ናፍጣ ሲያልቅብኝ ግማሽ ቀን መጠበቅ ያንገበግበኛል።

ዝናቡ ባባራ በአንዱ ጠዋት ባለቤቴ «ተነስ፣ ባሕሩ የለም» ብላ ቀሰቀሰችኝ። እውነትም የለም። ጃምቢያኒ በምትባለው የምሥራቅ ዳርቻ ነበርን። ውሃው ርቆ ሄዷል። ጀልባዎች አሸዋ ላይ በጎናቸው ተኝተዋል። ሴቶች የባሕር አረም የሚያለሙበትን ችካል ይዘው ባዶው መሬት ላይ ይሠራሉ። ጣና በዓመት አንዴ ነው ከፍ ዝቅ የሚለው፤ ሰኔ ላይ ይጎድላል፣ መስከረም ላይ ይሞላል። ይኼ በቀን ሁለት ጊዜ! ልዩነቱም ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ እስከ 4 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ወሩን ብቻ ሳይሆን ጨረቃዋንም እዩ። በፈለገው ሰዓት መዋኘት የሚፈልግ ሰሜን ጫፍ ላይ ኑንግዊ ወይ ኬንድዋ ይረፍ፤ እዚያ ውሃው ያን ያህል አይሸሽም።

እንግዲህ ለሙሽሮቹ የምለው ይህ ነው። ሠርጋችሁ ጥር ከሆነ፣ ከጥምቀት በኋላ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ። ይሞቃል፣ ግን ደረቅ ነው። ሠርጋችሁ ከፋሲካ በኋላ ከሆነ ግን ጫጉላውን ቤታችሁ አሳልፉና ለሐምሌ አቆዩት። የምጾም ሰው ስለሆንኩ ቆጥሬዋለሁ። የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው፤ ፍልሰታ የሚገባው ነሐሴ 1 ነው። በመሃል 25 ቀን አለ። ረቡዕና ዓርብን ትተን ማለቴ ነው። ያ ሁሉ ዓሣ ፊታችሁ ቀርቦ በጾም ከመቁለጭለጭ ትድናላችሁ። ሐምሌ ላይ ፈረንጆቹም ትምህርት ቤት ዘግተው ስለሚመጡ ሆቴሉ ይወደዳል፤ ቀድሞ መያዝ ነው። መስከረምም እዚያ ደረቅ ነው፤ መስከረምን ግን ለእኛ ተዉልን፤ የጣና ሥራ ያን ጊዜ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ታንዛኒያ ስትገቡ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ እሱንም ጽሑፋችሁ ውስጥ አላየሁትም።

ባለቤቴ «እንደገና እንሂድ፣ በሐምሌ» ማለት ጀምራለች። ልጆቹ ገና አልሰሙም። እኔም ሐምሌ ላይ ሥራ የለኝም፤ በዶፍ ደሴት የሚሄድ እንግዳ ብርቅ ነው። የቸገረኝ ጀልባዋ ናት። ክረምት ላይ ዝናቡ ውስጧ ይጠራቀማል፤ ጠዋት ጠዋት ካልተጨለፈላት ትሰምጣለች። ጎረቤቴን ጠይቄዋለሁ፤ ለአንድ ሳምንት ያህል እችላለሁ ብሎኛል። ባለቤቴ ዐሥር ቀን ነው የምትለው።

ከአክብሮት ጋር
የጣና ጀልባ ሹፌር፣ ከባሕር ዳር